ሳያልቅ የተመረቀው አውሮፕላን

አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ለውጭ ድርጅት ኮድ እጽፋለሁ፤ ወደ ውጭ የተላከው ሥራ እኔው ነኝ ማለት ነው። ለዚህ ይመስለኛል የቦይንግ 787 ታሪክ የማይለቀኝ።

ክንፉ ጃፓን፣ የአካሉ አንዳንድ ክፍል ጣሊያን ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ ሊገጣጠም ነበር የታቀደው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2007 በጭብጨባ ሲመረቅ ግን ውስጡ ባዶ ቀፎ ነበር፤ ብሎኖቹ እንኳ ብዙዎቹ ጊዜያዊ። ክፍሎቹ ሳያልቁ ነበር የሚመጡት። ቦይንግ በ2009 ደቡብ ካሮላይና ያለውን የአንድ አቅራቢ ፋብሪካ እስከ መግዛት ደረሰ። በ2008 ይደርሳል የተባለውን የመጀመሪያ አውሮፕላን የጃፓኑ ኤኤንኤ የተረከበው በ2011 ነው።

እኔ ጋ የሚሠራ ኮድም እዚያ ሲቀላቀል ይሰበራል። ግን በአንድ ሌሊት አስተካክለዋለሁ፤ ክንፍ እንደዚያ አይሆንም።

ባለፈው ወር አለቃችን ሌላ ክፍል ለሦስተኛ አገር ቡድን ሊሰጥ እንዳሰበ ነገረን። «መገጣጠሙንስ ማን ይይዘዋል?» አልኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም።