ማይክ ማርቲን (የቤዝቦል አሠልጣኝ)

ማይክ ማርቲን (ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1944 – ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበሩ። ከ1980 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ለ40 የውድድር ዓመታት የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን በዋና አሠልጣኝነት መርተዋል። በአሜሪካ ኮሌጅ ቤዝቦል 2,000 ጨዋታ ያሸነፉ የመጀመሪያው አሠልጣኝ ቢሆኑም፣ የብሔራዊ ሻምፒዮናውን ዋንጫ አንድም ጊዜ አላገኙም።

የተጫዋችነት ዘመን

ማርቲን የተወለዱት በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በሻርሎት ከተማ ነው። በዚያው ግዛት በዊንጌት ጁኒየር ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ወደ ፍሎሪዳ ስቴት ተዛወሩ። በ1965 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው ለብሔራዊው የማጠቃለያ ውድድር ሲበቃ የቡድኑ ተጫዋች ነበሩ።

ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በማይነር ሊግ ተጫወቱ። ማይነር ሊግ ከከፍተኛው ሜጀር ሊግ በታች ያለ የፕሮፌሽናል ውድድር ሲሆን፣ ትልልቆቹ ክለቦች ወጣቶችን የሚያሳድጉበት ነው። ማርቲን በኒው ዮርክ ሜትስና በዲትሮይት ታይገርስ ሥር በነበሩ ቡድኖች ቢሰለፉም ሜጀር ሊግ ሳይደርሱ ቀሩ።

አሠልጣኝነት

ከዚያም ዩኒቨርሲቲው ወደሚገኝበት ወደ ታላሃሲ ከተማ ተመልሰው በታላሃሲ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ አሠለጠኑ። በ1975 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ ስቴት ቤዝቦል ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ሆኑ። በ1979 ቡድኑን የመሩት ዲክ ሃውዘር ከአንድ የውድድር ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ ያንኪስን ለመያዝ ሲሄዱ፣ ቦታው ለማርቲን ተሰጠ።

በ40ዎቹ ዓመታት ቡድናቸው በየዓመቱ ቢያንስ 40 ጨዋታ አሸንፏል፤ ከብሔራዊው ውድድርም ቀርቶ አያውቅም። ጠቅላላ ውጤታቸው 2,029 ድል፣ 736 ሽንፈትና 4 አቻ ነው። ይህም ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ያህል አሸንፈዋል ማለት ነው። ካሠለጠኗቸው ተጫዋቾች አንዱ በስተር ፖዚ ሲሆን፣ በኋላ ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር በ2010፣ በ2012 እና በ2014 እ.ኤ.አ. የሜጀር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል።

ያልተገኘው ዋንጫ

የኮሌጅ ቤዝቦል ማጠቃለያ በየዓመቱ በነብራስካ ግዛት፣ በኦማሃ ከተማ ይካሄዳል። እዚያ የሚደርሱት ስምንት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ በመጀመሪያው ዙር ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ይሰናበታል። በረጅሙ የውድድር ዓመት አንድ ሽንፈት በሌላ ድል ይካሳል፤ በኦማሃ ግን ጥቂት ቀናት ሁሉን ይወስናሉ።

የማርቲን ቡድን ኦማሃ የደረሰው 17 ጊዜ ነው። ለዋንጫ የተጫወተው ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በአሪዞና 10 ለ 2፣ በ1999 ደግሞ በማያሚ 6 ለ 5 ተሸንፏል።

ከእርሳቸው በፊት የድል ክብረ ወሰኑን በ1,975 የያዙት ኦጊ ጋሪዶም የቀድሞ የማይነር ሊግ ተጫዋች ነበሩ። ጋሪዶ ግን በካል ስቴት ፉለርተንና በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዋንጫ አንስተዋል። ማርቲን ክብረ ወሰኑን የሰበሩት በሜይ 2018 እ.ኤ.አ. ነበር።

የመጨረሻው ዓመት

ማርቲን የ2019 የውድድር ዓመት የመጨረሻቸው እንደሚሆን አስቀድመው አስታውቀው ነበር። በዚያ ዓመት 2,000ኛውን ድል አስመዘገቡ፤ ቡድኑም ሳይጠበቅ ኦማሃ ደረሰ። አርካንሳስን 1 ለ 0 ቢያሸንፍም በሚሺጋን 2 ለ 0፣ በቴክሳስ ቴክ 4 ለ 1 ተረትቶ ወጣ።

ልጃቸው ማይክ ማርቲን ጁኒየር ተክተዋቸው እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ሠርተዋል። ማርቲን ከመርሳት በሽታ ጋር ሲታገሉ ቆይተው በ79 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ተጫዋቻቸው ሊንክ ጃሬት ፍሎሪዳ ስቴትን እንደገና ወደ ኦማሃ መርተዋል። የዩኒቨርሲቲው የቤዝቦል ሜዳ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማርቲን ስም ይጠራል።