የቫልቭ ክዳን ቅብና ውልወላ

የቫልቭ ክዳን በመኪና ሞተር አናት ላይ፣ ከቴስታታው በላይ የሚታሰር ሽፋን ነው። ከሥሩ ያሉትን ቫልቮችና ሌሎች ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ከአቧራ ይጠብቃል፤ በእነሱ ላይ የሚረጨው ዘይትም ወደ ውጭ እንዳይፈስ ያግዳል። በብዙ ሞተሮች ላይ ኮፈኑ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው እሱ ስለሆነ፣ መኪና ወዳዶች ቤታቸው ፈትተው ቀለም ይቀቡታል ወይም እስኪያብረቀርቅ ይወለውሉታል።

ክዳኑን ማስዋብ ከፋብሪካም የሚመጣ ልማድ ነው። ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው የውድድር መኪና «ቴስታ ሮሳ»፣ ማለትም «ቀይ ራስ»፣ የተባለው የሞተሩ ክዳኖች ቀይ ስለተቀቡ ነው። የአገራችን መካኒኮች «ቴስታታ» የሚሉት ቃልም «ቴስታ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የወጣ ነው።

ጽዳት

አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ቅቡ ሳይሆን ጽዳቱ ነው። ዘይት በቀረበት ቦታ ቀለም አይዝም። ክዳኑ በቅባት ማስለቀቂያ ከታሸ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ማጽጃ አሉሚኒየምን ስለሚበላ አይመከርም።

ትልቁ አደጋ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። በብዙ ክዳኖች ውስጥ ዘይትን ከእንፋሎቱ የሚለይ ቆርቆሮ አለ። አሮጌው ቀለም በአሸዋ ግፊት ከተነሣ፣ አሸዋው ከቆርቆሮው ጀርባ ተደብቆ ይቀርና ሞተሩ ሲነሣ ከዘይቱ ጋር ይወርዳል፤ ብሮንዚናዎችንም ይፍቃል። ለዚህ ነው በኬሚካል ማስለቀቅ የሚሻለው። ክዳኑ በወጣበት ጊዜም የሞተሩ አናት በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ መፈግፈጉም ከመኪናው ርቆ ይሠራል።

ቅብ

ሙቀት የሚችል የሞተር ቀለም ያስፈልጋል። ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ጠርዝና የብሎኖቹ መቀመጫ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ፤ እዚያ ላይ የቀረ ቀለም ሊላጥና ዘይት ሊያስወጣ ይችላል። ቀለሙ በስሱ፣ በየመሃሉ እየተጠበቀ፣ ደጋግሞ ይረጫል። ጎልተው የወጡ ጽሑፎች ካሉ ሁሉም አብሮ ይቀባና ሲደርቅ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት አናታቸው ብቻ ይፈገፈጋል። ፊደሎቹ በብረቱ መልክ ብቅ ይላሉ፤ ቀላልና ያማረ ዘዴ ነው።

ውልወላ

ውልወላ የሚስማማው ለአሉሚኒየም ነው። ከ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ400፣ በ600፣ በ800 እና በ1000 እየተለሰለሰ ይሄዳል፤ ካለፈው ወረቀት የቀረው ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ መሻገር በመጨረሻ ያጋልጣል። ከዚያ በጥጥ ጎማና በማወልወያ ቅባት ይታሻል። አሉሚኒየም በአየር ስለሚደበዝዝ ውልወላው በየጊዜው መታደስ አለበት። አንዳንድ ክዳኖች ግን ከማግኒዚየም የተሠሩ ናቸው፤ የማግኒዚየም ብናኝ በእሳት ይያያዛል፣ ውሃ ሲደፋበትም ይብሳል። የክዳኑ ብረት ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መፈግፈግ አይገባም።

መመለስ

አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል። ብሎኖቹ በፋብሪካው ቅደም ተከተል፣ ብዙ ጊዜ ከመሃል ወደ ዳር፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። ልካቸው በብዙ መኪኖች ከ10 ኒውተን ሜትር ብዙም አይርቅም፤ በጉልበት ማጥበቅ ክዳኑን ይሰነጥቃል ወይም ያጣምማል። ከተጣመመ ጠርዝ የሚንጠባጠብ ዘይት በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቢያርፍ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ሞተሩ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ ዙሪያው በባትሪ መብራት ይታያል።