እማማ ግድግዳ ላይ የቀረው ቴአትር

ቦሳ አዲስ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀረ። ቤቱ የጭቃ ነው፤ እንደ ድሮው ወግ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ከጋዜጣው መሀል የተቀደደ ካላንደር አለ፤ ከካላንደሩ ሥር ደግሞ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ቴአት» የሚል። «ር»ን ጋዜጣ ሸፍኗታል። የትኛው ቴአትር? በስንት ዓመተ ምሕረት? መግቢያው ስንት ነበር?

«ከአዲስ አበባ መጥተው ያሳዩ ጊዜ ልጄ ከአጥር ላይ ልጦ ያመጣው ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ» አሉኝ እማማ።

የቴአትር ማስታወቂያ ዕድሜው ይኸው ነው። በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል፤ በማግስቱ ሌላ ይደረብበታል፤ ካልሆነም ዝናብ ያጥበዋል። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ መች ይጠፋል!

አሜሪካኖችም ከዚህ አላመለጡም። ብራዚል ገዢ ያጣ ቡናዋን በእሳት ታቃጥል በነበረበት በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ነሐሴ 1927 ዓ.ም.፣ መንግሥታቸው ሥራ የፈቱ ተዋንያንን ደመወዝ እየከፈለ የሚያሠራ የፌዴራል ቴአትር ፕሮጀክት አቋቋመ። መሪዋ ሃሊ ፍላናጋን የምትባል ሴት ነበረች። ሥራ ያጡ ሠዓሊዎችም ማስታወቂያ እንዲሠሩ ተቀጠሩ። መጀመሪያ በእጃቸው ይሥሉ ነበር፤ በኋላ ቀለሙን በሐር ጨርቅ እያሳለፉ ማተም ጀመሩ፤ ዛሬ ቲሸርት አታሚዎቻችን እንደሚያደርጉት ማለት ነው። በዚያ ሰፊ የሥራ ፕሮግራም ለቴአትሩም፣ ለጤናውም፣ ለሌላውም 35 ሺህ ያህል ንድፍ ተሠርቶ 2 ሚሊዮን ቅጂ እንደታተመ ይነገራል። ተርፈው የሚታወቁት 2 ሺህ ያህል ናቸው። ከ900 በላይ የሚሆኑት በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ያኔ አጥር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዛሬ በጓንት ይነካል።

ታዲያ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም አለንበት። ፕሮጀክቱ የዕለቱን ወሬ ወደ መድረክ የሚያመጣ «ሕያው ጋዜጣ» የሚባል ዓይነት ቴአትር ነበረው። ኒውዮርክ ላይ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ሥራ ርእሱ «ኢትዮጵያ» ነበር። ስለ ጣሊያን ወረራ ነው። ዋይት ሐውስ ግን የውጭ አገር መሪ በመድረክ ላይ እንዳይታይ ብሎ ከለከለ፤ ሙሶሊኒ እንዳይቀየም መሆኑ ነው። ጥር 1928 ዓ.ም. ለጋዜጠኞች አንድ ጊዜ ብቻ ታየና ቀረ። የኒውዮርኩ ኃላፊ ኤልመር ራይስም ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ሳምንት ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ተንቤን ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ይዋጉ ነበር። ፕሮጀክቱ ራሱ ሰኔ 1931 ዓ.ም. ኮንግረሱ ገንዘብ ነፍጎት ተዘጋ።

ይገርማችኋል፣ የእኛው ሀገር ፍቅርም የዚያው ክረምት ልጅ ነው። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተ ወልድ አዲስ አበባ ላይ ሲመሠርቱት ጉዳዩ ለተዋናይ እንጀራ መስጠት አልነበረም፤ ሕዝቡን ለመጣው ጦርነት መቀስቀስ እንጂ። ጣሊያን ገባ፣ ማኅበሩ ተበተነ፤ ጅማም የፋሺስቶቹ የደቡብ ምዕራብ ግዛት መናገሻ ሆነች። ነፃነት ሲመለስ ሀገር ፍቅርም ተመለሰ፤ በየክፍለ ሀገሩም ዞሮ አሳየ። በደርግ ዘመን ደግሞ ቀበሌው ሁሉ ኪነት ነበረው፤ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናትና ማታ ማታ አዳራሹ ይሞላል። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያው ሞንታርቦ የጫነ መኪና ሆነ። ድምፅ ደግሞ ግድግዳ ላይ እንኳ አይለጠፍም።

ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ እማማን ያችን ወረቀት ስጡኝ አልኳቸው። ልጃቸው ከአረብ አገር ገንዘብ ልኮላቸው ግድግዳው በሚቀጥለው ሳምንት በሲሚንቶ ሊለሰን ነው።

«ውሰደው፣ ምን ይሠራልኛል» አሉና ቢላዋ አቀበሉኝ። በጥፍሬም፣ በቢላዋውም፣ ውኃ አርከፍክፌም ሞከርኩ። «ቴ» ከነጭቃዋ ተላቀቀች። ቀሪው እጄ ላይ ፈረሰ።

«አየህ» አሉ እማማ፣ «ሙጫውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ጥሩ ሙጫ ነበር።»