ሽለላ (የጌታቸው መኩሪያ የሳክስፎን ጨዋታ)

ሽለላ ኢትዮጵያዊው የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ከባህላዊው የጀግንነት ዜማ ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጡት ጨዋታ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ከተለያዩ ባንዶች ጋር በስቱዲዮና በመድረክ ተጫውተውታል። ዜማው በኖታ የታሰረ ስላልሆነ ቅጂዎቹ ይለያያሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ሙዚቃ ሳይለቅ እንዴት እንደሚለወጥ ለማጥናት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

መነሻ

ሽለላ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር የሚመደብ ቃላዊ ጥበብ ነው። ለጦርነት፣ ለአደንና ለድግስ ይቀርባል። ሸላዩ ግጥሙን በቦታው ያሰናኛል፤ ድምፁን ያስረዝማል፣ ይሰብራል፣ ድንገት ከፍ ያደርጋል። አድማጩም በእልልታና በሆታ ይቀበለዋል። ስለዚህ ሽለላ አንድ ትክክለኛ ቅርጽ የለውም። የሚጸናው መንፈሱና የአወራረድ ስልቱ ነው፤ ዝርዝሩ ግን በየጊዜው አዲስ ነው።

ተጫዋቹ

ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር፤ በኋላ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሸጋገሩ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። የሸላዩን ድምፅ በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። በመድረክ ላይ የጎፈርና የጀግና ልብስ ለብሰው ይታዩ ነበር። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ።

ዋና ዋና ቅጂዎች

የስቱዲዮ ቅጂ፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ስም በሸክላ የወጣው አልበም ጌታቸውን «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» ብሎ አስተዋወቀ። ይኸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቁጥር ሆኖ በድጋሚ ታተመ። አጃቢው ትንሽ ባንድ ስለሆነ ሳክስፎኑ ፊት ለፊት ይሰማል።

የአዲስ አበባ የመድረክ ቅጂ፦ ኢዘር ኦርኬስትራ በረስ ገርሾን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የተመሠረተ የጃዝ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ጌታቸውን፣ ሙላቱ አስታጥቄንና ሌሎችን በእንግድነት ይዞ ተጫወተ። ኮንሰርቱ «ኢትዮፒክስ» 20ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። በዚህ ቅጂ ጌታቸው የሚጫወቱት ብዙ የትንፋሽ መሣሪያዎች ካሉት ትልቅ ቡድን ጋር ነው።

ከዘ ኤክስ ጋር፦ ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 በኔዘርላንድ የተመሠረተ የፓንክ ሮክ ባንድ ነው። ከጌታቸው ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። «ቼ በለው ሽለላ» በዚህ አልበም ውስጥ ይገኛል። ማጀቢያው ሻካራ ኤሌክትሪክ ጊታርና ጠንካራ ድራም ነው።

ቅጂዎቹን ማነጻጸር

ሦስቱን አከታትሎ የሚሰማ ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ቢል ይጠቅመዋል።

አከፋፈት፦ ሳክስፎኑ ብቻውን ይገባል ወይስ ባንዱ መንገድ ይከፍትለታል?
ምት፦ ባንዱ ምቱን ሲጠብቅ ሳክስፎኑ ግን እንደ ሸላዩ ትንፋሽ ከምቱ ይወጣል፣ ይመለሳል። ይህ መላላት በየቅጂው መጠኑ ይለያያል።
የድምፅ ጠባይ፦ ጌታቸው ድምፁን ያንቀጠቅጣሉ፣ ያስጮኻሉ። ይህ የሸላዩን ጉሮሮ የሚመስል እንጂ የአጨዋወት ጉድለት አይደለም።
ተቀባይ፦ በባህሉ ሸላዩን የሚቀበለው ሕዝብ ነው። በትልቁ ቡድን ይህን ቦታ ሌሎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ በዘ ኤክስ ደግሞ ጊታሮቹ ሊይዙት ይችላሉ። በመድረክ ቅጂ የተመልካቹም ድምፅ አለ።

በዚህ መንገድ ሲሰማ የሚጸናው የሳክስፎኑ አነጋገር፣ የሚለዋወጠው ደግሞ በዙሪያው ያለው ጉባኤ መሆኑ ይታወቃል።

ጠቀሜታ

የውጭ አድማጮች የጌታቸውን አጨዋወት ብዙ ጊዜ ከአሜሪካውያኑ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ፍሪ ጃዝ ጋር ያወዳድሩታል። መመሳሰሉ የሚሰማ ቢሆንም ምንጩ ሌላ ነው፤ ጌታቸው የተከተሉት የአገራቸውን ሸላይ ነው።

በተጨማሪም የሸክላው ቅጂ ቀድሞ ስለወጣ «ዋናው» እርሱ ነው፣ የመድረኮቹ ግን ልዩነት ብቻ ናቸው ማለት ለሽለላ አይሠራም። ሸላይ ትናንት ያለውን ዛሬ ቃል በቃል አይደግምም። የሸክላው ቅጂ የአንድ ቀን ሽለላ ነው፤ የአዲስ አበባው ኮንሰርትም እንዲሁ የራሱ ቀን ሽለላ ነው። ከጌታቸው ዕረፍት በኋላ ጥበቡ በድምፅ የሚገኘው በእነዚህ ቅጂዎች ስለሆነ፣ አንዱን ብቻ መስማት የአንድ ቀኑን ብቻ ማወቅ ይሆናል።