የጠቅላላ ሕክምና አገልግሎት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፦ አጀማመሩ፣ ዕድገቱና የዛሬ አጠቃቀሙ

ጠቅላላ ሕክምና ማለት አንድ ታማሚ በዕድሜ፣ በጾታ ወይም በሕመም ዓይነት ሳይለይ መጀመሪያ የሚታይበት አገልግሎት ነው። በሀገራችን ይህን አገልግሎት በየዘመኑ የሰጡት ባለሙያዎች የተለያዩ ናቸው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሻሸመኔ፣ በወለንጪቲና በመተሐራ ከተሞች አገልግሎቱ የተጓዘበትን መንገድ ማወቅ፣ ዛሬ ተገልጋዩ የት መጀመር እንዳለበትና ለምን እንደሆነ ለመረዳት ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ በስፋት መግባት የጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከአድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ወደ ሀገራችን መጥቶ ቁስለኞችን አክሟል። ሆኖም አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ተወስኖ ቆይቷል። የጅቡቲ–አዲስ አበባ የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በመስመሩ ላይ የሚገኙት አዳማና ሞጆ የንግድና የመተላለፊያ ከተሞች ሆነው አደጉ። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር የሕክምና ፍላጎቱም አብሮ ጨመረ።

ለአዳማ ወሳኙ ዓመት እ.ኤ.አ. 1946 ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለዕርዳታ የመጡ የሜኖናይት ሚሲዮን ባለሙያዎች ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ሆስፒታል አቋቋሙ። ሆስፒታሉ በወረራው ዘመን በተሰዉት አርበኛ በኃይለማርያም ማሞ ስም ተሰየመ። ከጊዜ በኋላም ወደ መንግሥት አስተዳደር ተዛውሮ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ በመባል ይታወቃል። በሻሸመኔም የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል በሚሲዮን ተመሥርቷል።

ድሬሰሮችና ጤና መኮንኖች

በዚያ ዘመን ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ በአነስተኛ ከተሞች የሕክምናውን ሸክም የተሸከሙት ድሬሰሮች ናቸው። የአዳማው ሆስፒታል ራሱ ድሬሰሮችን ያሠለጥን ነበር። ድሬሰሮች ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ የተለመዱ በሽታዎችን ለይተው መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። በብዙ ከተሞች ኅብረተሰቡ «ሐኪም» ብሎ የሚጠራው እነዚህኑ ባለሙያዎች ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲቋቋም ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን እንዲሠሩ አድርጎ አሠለጠነ። ቡድኑ በጤና ጣቢያ ተመድቦ ሕክምናን፣ ክትባትን፣ የእናቶችና የሕፃናት ክትትልንና የውኃ ንጽሕናን በአንድነት እንዲመራ ታስቦ ነበር። ጤና መኮንኑ በተግባር የገጠር ከተማው ጠቅላላ ሐኪም ሆነ። ሥልጠናው በ1970ዎቹ ተቋርጦ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንደገና ቀጥሏል። በደርግ ዘመን ተገድቦ የነበረው የግል ክሊኒክ አገልግሎትም በዚሁ ጊዜ ተስፋፍቷል።

የስምጥ ሸለቆ ልዩ ችግሮች

በዚህ አካባቢ ሕክምናን የቀረጹት ሁለት ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በሀገሪቱ በተከሰተው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150,000 ያህል እንደሞቱ ይገመታል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ናዝሬትም የወባ መከላከያ ባለሙያዎች ከሚሠለጥኑባቸው ማዕከላት አንዷ ሆነች። ወረርሽኙ ያስተማረው ትልቁ ነገር ሕመምተኛው ሆስፒታል እስኪደርስ የሚጠብቅ ሥርዓት ዘግይቶ እንደሚደርስ ነው።

ሁለተኛው በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ ለዓመታት የጉድጓድ ውኃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ የጥርስ መበለዝ ብቻ ሳይሆን የአጥንትና የጀርባ መደንደን መታየቱ በጥናት ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በአጥንት ላይ የደረሰው ጉዳት በመድኃኒት አይመለስም፤ መፍትሔው የውኃውን ምንጭ መለወጥ ወይም ማጣራት ነው። ውኃን ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወግድ ልብ ሊባል ይገባል።

የዛሬው አደረጃጀት

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን ወደ ቀበሌ አወረደ። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተደርጎ በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ30,000 በላይ ባለሙያዎች ተሰማርተዋል። በሀገሪቱ የጤና ተቋማት ደረጃ መሠረት ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ፣ የከተማ ጤና ጣቢያ እስከ 40,000 ሕዝብ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከነዚህ በላይ ጠቅላላና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና መጀመሩም ጠቅላላ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያሳያል።

ተገልጋዩ ምን ማድረግ ይገባዋል?

በርካታ ተገልጋዮች ጤና ጣቢያን አልፈው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ የተሻለ ሐኪምና ምርመራ በሆስፒታል ይገኛል ከሚል እምነት የመነጨ ነው። ውጤቱ ግን በጉንፋን የመጣውና በአውራ ጎዳና አደጋ የተጎዳው በአንድ ወረፋ መገናኘታቸው ነው። አዳማ ዋና ዋና መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ የዚህ መጨናነቅ ዋጋ ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፦

• ለአዲስና ድንገተኛ ላልሆነ ሕመም በቅድሚያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከአቅሙ በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ጽፎ ይልክዎታል።

• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይዘው ይቅረቡ። ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በከፊል ወይም በሙሉ ከኪስዎ እንዲከፍሉ ሊያደርግ ይችላል።

• ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ እንዲሁም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለክፍያ ይሰጣሉ።

• በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖሩ ወይም ከዚያ የተመለሱ ሰው ትኩሳት ከተሰማዎት በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ ያለ ምርመራ መድኃኒት ገዝተው አይውሰዱ።

• ከባድ አደጋ፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ የመተንፈስ ችግር፣ ራስን መሳት ወይም በእርግዝና ወቅት የሚታይ የደም መፍሰስ ሲያጋጥም የሪፈር ወረቀት አያስፈልግም፤ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ።

በጤና ጣቢያ የተሰጠዎትን ካርድ፣ የምርመራ ውጤትና የመድኃኒት ማዘዣ በጥንቃቄ ያስቀምጡ። ቀጥሎ የሚያይዎት ባለሙያ ሕመምዎን ከመነሻው እንዲረዳ የሚያስችለው ይህ መረጃ ነው።