የሙዚቃ ማጫወቻ ሶፍትዌር

በኮምፒውተር ወይም በስልክ የተከማቹ ዘፈኖችን የሚያጫውትና የሚያደራጅ ፕሮግራም። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ 16 ጊጋባይት ፍላሽ የሞላ ሰው፣ ኤምፒ3ው በ128 ኪሎቢት ከተቀዳ፣ ወደ 3,000 ዘፈን ይዟል ማለት ነው፤ ከመካከሉ «ትራክ 01» ከሚል በቀር ስም የሌለው አይጠፋም።

በነጻ ከሚገኙት ውስጥ ቪኤልሲ (እ.ኤ.አ. 2001) የማይከፍተው ፋይል የለም ለማለት ይቻላል፤ ሺህ ዘፈን መልክ ለማስያዝ ግን አይመችም። ፉባር2000 (እ.ኤ.አ. 2002) መልኩ ደረቅ ቢሆንም ያረጀ ኮምፒውተርን አያስጨንቅም፤ ለትልቅ ክምችት የሚመረጠው እሱ ነው። ሚውዚክቢ ለዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ስትሮቤሪ ለሊኑክስም አለ።

ዘፈን ፈልጎ የማግኘት ችግሩ ግን ከፕሮግራሙ ይልቅ የስሞቹ አጻጻፍ ላይ ነው። የዘፈኑን ርእስና የዘፋኙን ስም በኤምፒ3ው ፋይል ውስጥ የሚይዘው የመጀመሪያው የአይዲ3 መለያ ለርእስ የሚፈቅደው 30 ቁምፊ ብቻ ነበር፤ የግእዝ ፊደልን የሚቀበሉት ዩኒኮድ ያላቸው የኋለኞቹ ናቸው። ያም ሆኖ «ዓለማየሁ እሸቴ» ተብሎ የተመዘገበውን ዘፋኝ በ«አለማየሁ» የሚፈልግ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ መርጦ መለያዎቹን በጅምላ ማረም ይበጃል። የአዊኛ ዘፈን ርእስ በራሱ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደ «ጘ» ያሉትን የሚያሳይ ፎንት ያስፈልጋል፤ ከሌለ በቦታቸው ባዶ ሳጥን ይደረደራል።