አዘዞ፤ በታናሿ የተጠቃለለች ታላቅ ከተማ

በዛሬው የጎንደር ከተማ አስተዳደር አዘዞ ከጠዳ ጋር ተጣምራ በአንድ ክፍለ ከተማ ስም ትጠራለች። ከመሐል ጎንደር በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ሥፍራ ለብዙው መንገደኛ የአውሮፕላን ማረፊያና የመተማ መንገድ መገንጠያ ብቻ ናት። ታሪኳን ለመረመረ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አዘዞ በመናገሻነት ከጎንደር ትቀድማለችና።

ዐፄ ሱስንዮስ የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን በአዘዞ ያሠሩት ጎንደር መናገሻ ከመሆኗ በፊት ነው። በንጉሡ ዜና መዋዕል እንደተመዘገበው፣ ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ አስታወቀ። ይህ ለግንባታ ሙያ ትልቅ ለውጥ ነበር። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠባል፤ ኖራ ግን በእሳት ተቃጥሎና በውኃ በርዶ ከአሸዋ ጋር ሲቦካ፣ ከአየር የሚያገኘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ወደ ድንጋይነት ይጠጋል። ፎቅና ጉልላት በድፍረት ለመሥራት ያስቻለው ይኸው ነው።

ሱስንዮስ በ1625 ዓ.ም. ዐርፈው በዚያው በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ቢያስወጡም የኖራውን ጥበብ አላስወጡም፤ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ግንቡን ያቆሙት በዚሁ ጥበብ ነው። እንግዲህ ጎንደር የአዘዞ ወራሽ ናት ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የአዘዞ ስም በጎንደር ጥላ ሥር ዋለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሜዳዋ የአውሮፕላን ማረፊያ ሆነ፤ የጠላት ጦርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጎንደር እጁን ሰጠ። በኋላም ጎንደር ወደ ደቡብ እየሰፋች ሄዳ አዘዞን በአስተዳደሯ ጠቀለለች።

መጠቃለሉ የራሱ ጥቅም አለው፤ መንገድን፣ የውኃ መሥመርንና የመሬት አጠቃቀምን በአንድ ፕላን ለመምራት ያስችላል። ጉዳቱ የሚመጣው የታናሿ ፕላን ታላቂቱን እንደ ባዶ ማስፋፊያ መሬት የቆጠረ እንደሆነ ነው። የስፔን የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ ዓመታት ያካሄዱት ቁፋሮ የጥንቱ ሕንፃዎች መሠረት እስከ ዛሬ በአፈር ሥር መኖሩን አሳይቷል። ያን መሠረት አንድ የመንገድ መቁረጫ መኪና በግማሽ ቀን ሊጠርገው ይችላል፤ የጠፋውን የሚመልስ ግን የለም።

ስለዚህ የአዘዞን ፍርስራሽ ለክቶ በፕላን ላይ ማስፈር ለታሪክ ምሁር ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የቀያሹና የመሐንዲሱም ግዴታ ነው፤ መሠረቱ ያለበትን ሳያውቅ መሬት የሚቆፍር ባለሙያ የገዛ ሙያውን ውርስ ያፈርሳልና።